የጣልያኑ ክራር ውሃ ሲጠማው

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ልጆቼ ሲጠይቁኝ አንዴ አንዱን ዓመት፣ ሌላ ጊዜ ሌላውን እላለሁ መሰለኝ፣ ይስቁብኛል። ጣልያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽጉን አጥሮ ከተቀመጠ በኋላ፣ ተባሮ ከመውጣቱም በፊት መሆኑን ግን አውቃለሁ። ወቅቱም አይጠፋኝም። ሁዳዴ ገብቶ፣ ሰማዩ አንዲት ጠብታ ሳይጥል፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ነፋሱ ከንፈር የሚያደርቅበት ጊዜ ነበር። ይህን የማነሣው ለወግ ማሳመሪያ ብዬ አይደለም። የነገሬ ሁሉ ሥር ያ ድርቀት ስለሆነ ነው።

ትምህርቴ ትንሽ ነው። ዳዊት ልደግም ስል እርሻ ጠርቶኝ ተመለስሁ። እንደማወራው ነው የምጽፈው፤ ቢንዛዛባችሁ ታገሡኝ።

ያን ጊዜ ሚስት ያላገባሁ ጎረምሳ ነበርሁ። ቤታችን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ከጨሞጋ ወንዝ በላይ ካለች ጉብታ ላይ ነበር። እናታችን ቀደም ብላ አርፋለች። አባቴን አያ ካሴ ይሉታል፤ ኮርቻ ሠሪ ነው። እሱ የሠራው ኮርቻ እስከ መርጡለ ማርያም ድረስ ይፈለግ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ይስማው ይባላል። ለአርበኞች ስንቅ አቀብሏል ተብሎ ምሽጉ ውስጥ ታስሯል። እውነት ነው፣ አቀብሏል። ሽምብራ ቆሎና ድርቆሽ ተሸክሞ ሲወርድ ነው የያዙት።

እኔ ደግሞ ለዚያው ምሽግ ማገዶና እንቁላል እሸጥ ነበር። ይህን ሲያነብ የሚቆጣኝ ሰው አይጠፋም። ጎረቤቶቻችንም ይቆጡኝ ነበር፤ "ጣልያንን ትቀልባለህ" ይሉኛል። መቀለቡን ቀልቤአለሁ። ማገዶውን የማራግፍበት ቦታ ከእስረኞቹ ግቢ አጠገብ ስለነበር፣ አንዳንድ ቀን የይስማውን ፊት በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። ለዚያ ስል ነው የሄድሁት።

ማገዶዬን የሚቀበለኝ የምሽጉ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ስሙ ጁሴፔ ነው፤ እኛ ዮሴፍ እንለዋለን። መላጣ፣ ሆዱ ወጣ ያለ፣ ቅንድቡ ሁልጊዜ ዱቄት የነካው ሰውዬ ነው። አስመራ ብዙ ዘመን ኖሮ ከሐበሻ ጋር ስለዋለ፣ ስብርባሪ አማርኛ ያውቃል። ሥራውን ሲጨርስ ከምድጃው ራቅ ብሎ ይቀመጥና፣ ወገቡ እንደ ሴት የቀጠነ፣ ስድስት ክር ያለው ትልቅ ክራር ይመታል። እሱ "ኪታራ" ይለዋል። ዛሬ እናንተ ጊታር የምትሉት ነው። ያን ጊዜ እኛ ስም ስላልነበረን "የጣልያኑ ክራር" አልነው።

አንድ ቀን ማገዶ ሳራግፍ ጠጋ አለኝ።

"ፈንቴ፣ ስማ። ከፋሲካ በኋላ መኪና ይመጣል። እስረኛ ሁሉ ሩቅ ይሄዳል፤ በረሃ።"

ወደዚያ በረሃ ተጭኖ የተመለሰ ሰው ወሬ ሰምተን አናውቅም።

"ይስማውም?" አልሁት።

"ይስማውም። ግን አዛዡ ሙዚቃ ይወዳል። በእኛ ፋሲካ እኔ ኪታራ እመታለሁ፣ አዛዡ ወይን ይጠጣል፣ እናቱን ያስባል፣ ያለቅሳል። ሲያለቅስ ልቡ ጥሩ። አምና አንድ እስረኛ ጠየቅሁ፤ ሰጠኝ። ዘንድሮ ይስማውን እጠይቃለሁ።"

እጁን ልስም ጎንበስ ስል ገፋ አደረገኝ። "ገና!" አለኝ። "መጀመሪያ አንተ እኔን ትረዳለህ።"

ዱቄት ሊያመጣ በመኪና አዲስ አበባ እንዲሄድ ታዝዟል። ክራሩን በዚያ መንገድ ቢወስደው ይሰባበራል። ምሽጉ ውስጥ ቢተወው ወታደሮቹ ሲሰክሩ ይቀጠቅጡታል። ስለዚህ በጥቁር ሳጥን ከትቶ ለእኔ ሰጠኝ።

"ይሄ እንጨት ነው፤ ግን ሕፃን ነው" አለኝ። "እሳት የለም። ፀሐይ የለም። ዝናብ የለም። ሳጥን አይከፈትም። ለፋሲካ እመጣለሁ።"

ሳጥኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደ ቤት ስመለስ አንዱ ጎረቤታችን ከማሳው ዳር ሆኖ፣ "ፈንቴ፣ የማን ሬሳ ነው? ለቅሶ እንድንደርስ ንገረን እንጂ!" አለኝ።

"የጣልያን ክራር ነው።"

"እንኳን ሞተ!" ብሎ ሳቀ። ሳጥኑ እውነትም የሕፃን ሬሳ ሳጥን ይመስል ነበር። እኔ ግን ወንድሜን ተሸክሜ የምሄድ ነበር የመሰለኝ።

መደቤ ራስጌ አስቀመጥሁት። አባቴን እንዳይነካ ነገርሁት፤ ነገሩንም አስረዳሁት። ከዚያ እንቁላል ልሰበስብ ቁይ ገበያ ወረድሁ። በጾም እንቁላል የሚበላ ስለሌለ ዋጋው ይረክሳል፤ ጣልያን ደግሞ ጾማችንን አይጾምም። የሰው ቤት እያደርሁ ጥቂት ቀን ቆየሁ።

ስመለስ አባቴ በር ላይ እየሳቀ ተቀበለኝ።

"እንኳን ደህና መጣህ! ያች ክራርህ ከምስጥ ለጥቂት አመለጠች" አለኝ።

"የምን ምስጥ?"

"መደቡን ምስጥ በላው፤ ሳጥኑ ሥር ደርሶ ነበር። ከፍቼ አወጣኋታ! እኔ ባልኖር ዱቄት ሆና ነበር የምታገኛት።"

ዘልዬ ገባሁ። መደቤ ላይ ባዶ ሳጥን ተከፍቶ ተቀምጧል። ቀና ስል ክራሩን አየሁት። ከምድጃው በላይ፣ ከኮርቻ እንጨቶቹ መሐል፣ ጢሱ ውስጥ ተሰቅሏል።

"አባባ! እሳት አይንካው አላልሁህም?"

"መች እሳት ነካው? ጢስ ነው እንጂ!" አለኝ ኩራት እንደያዘው። "ኮርቻዬን የት ነው የማደርቀው? ጢስ የጠጣ እንጨት አይነቅዝ፣ ምስጥ አይደፍረው። ሳጥኑ ውስጥ የነበረውን መተትም አቃጥዬልሃለሁ።"

"የምን መተት?"

"በጨርቅ የተጠቀለለች፣ የተጨማደደች፣ የሙት ጆሮ የመሰለች ነገር። በጉጠት ይዤ እሳት ውስጥ ጣልኋትና ሦስቴ ተፋሁባት።"

ክራሩን አወረድሁት። ፊቱ ላይ ካለው ክብ አፉ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ አንድ ስንጥቅ ወርዷል። የጤፍ ቅንጣት ያስገባል። ክሩን በጣቴ ነካ ባደርገው የተሰነጠቀ ገንቦ ሲንኳኳ የሚሰማውን ድምፅ አወጣ።

አባቴ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ጠፋ። ኮርቻ ሠሪ ነውና የተሰነጠቀ እንጨት ምን ማለት እንደሆነ ለእሱ አይነገረውም። ከአጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"በዚህ ነበር ይስማው የሚወጣው?" አለኝ።

"በዚህ ነበር።"

ከዚያ ተነሥቶ ቅቤ የተቀመጠበትን ቀንድ አመጣ። "ቅቤ እንቀባው። ቆዳም ሲደርቅ ቅቤ ነው መድኃኒቱ" አለኝ። እጁን ያዝሁት። ዕውቀት ኖሮኝ አይደለም፤ ሰውዬው ሲመጣ ክራሩ ቅቤ ቅቤ ቢሸት ምን እላለሁ ብዬ ነው።

ሳጥኑን ተሸክሜ ወጣሁ። ወዴት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። እግሬ ወደ ጨሞጋ አወረደኝ።

ወንዙ ዳር አንዲት ሸክላ ሠሪ ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ናት። በእኛ አገር ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪን ሰው ይፈራል፤ ዓይኗ ይበላል ይላሉ። እቃዋን በገበያ እንገዛለን እንጂ ቤታችን አናስገባትም። ስሟንም የሚጠራ አልነበረም። "ሸክላ ሠሪዋ" ነው የምንላት። እኔም በሩቁ አልፌ ልሄድ ነበር።

"የካሴ ልጅ አይደለህም?" አለችኝ። ገና ያልተተኮሱ እንስራዎቿን በእርጥብ የኮባ ቅጠል እየሸፈነች ነው። "ምን ሆነህ ነው? የሰው እንስራ የሰበርህ ትመስላለህ።"

"ከእንስራ የባሰ ነው፣ እትዬ።"

"ከእንስራ የባሰ ነገር እኔ አላውቅም። ና አሳየኝ።"

ጥላው ሥር ተቀምጬ ሳጥኑን ከፈትሁ። ነገሩን ከነወንድሜ፣ ከነአባቴ፣ ከነመተቱ ነገርኋት። አልነካችውም። ጎንበስ ብላ ስንጥቁን አየችው።

"ይሄ ክራር ነው የተሰነጠቀው ወይስ አንተ?" አለችኝና ፈገግ አለች። ቀጠለችና፣ "እንጨት አላውቅም። ጭቃ ነው የማውቀው። ጭቃ በነፋስ ፈጥኖ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለዚህ ነው ቅጠል የማለብሰው፣ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ። ይሄም አንድ ጎኑ ፈጥኖ የደረቀ ይመስላል" አለች።

"ታዲያ የደረቀ ነገር ይመለሳል?"

"የተተኮሰ ከሆነ አይመለስም። ያልተተኮሰ ከሆነ አንዳንዴ ይመለሳል።" ትንሽ አሰበች። "ያ አባትህ ያቃጠለው ነገር ምን ይመስል ነበር?"

"የሙት ጆሮ ነው ያለው።"

"የሙት ጆሮ የት አይቶ ያውቃል! ሌላስ?"

"የተጨማደደ፣ አንድ ጎኑ በቢላ የተቆረጠ፣ ልጣጭ ያለው..." እያልሁ ሳለ አባቴ የነገረኝ ሁሉ ትዝ አለኝ። ሲቃጠል ድንች ድንች ሸተተ ብሎኝ ነበር። ይህንንም ነገርኋት።

ሸክላ ሠሪዋ በጭቃ እጇ አፏን ይዛ ሳቀች። "ድንች ነዋ! ድንች ምንድን ነው? ውሃ ነው። ቆርጦ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀመጠው እንጨቱ ቀስ እያለ ውሃ እንዲያገኝ ይሆናል። ዳቦ ጋጋሪ አይደለ? ሊጥ እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ ማልበስ ያውቃል።"

"እንደዚያ ካልሆነስ?"

"ካልሆነ አልሆነም። አሁንስ ምን ቀርቶሃል?"

ከዚያ ከጓሮዋ አንድ ትንሽ እንስራ አመጣች። አዲስ እንስራ ሳይሟሽ ውሃ ቢሞሉበት ገላው ሁሉ ያልበዋል፤ ውሃው በማይታይ ቀዳዳ ወደ ውጭ ይወጣል። ገዢ የማይፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። ሴቶቻችን የሚያሟሹት ላቡ እንዲቆም ነው። እሷ ግን፣ "ይሄ ያልተሟሸ ነው። አንዷ ያፈሳል ብላ መልሳብኛለች። ለአንተ የሚጠቅምህ ማፍሰሱ ነው" አለችኝ። ጀርባዋ ላይ አዘለችውና ተከትላኝ ወጣች።

አባቴ ገና ከሩቅ ሲያየን በሩ ላይ ቆመ።

"አንቺ ሴት፣ እዚያው ሁኚ!" አለ።

"እሺ፣ አያ ካሴ፣ እዚሁ ነኝ።" እንስራውን አወረደች። "ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዛሬ የጠጣኸው ውሃ በማን እንስራ የተቀዳ ነው?"

አባቴ ዞር ብሎ ቤት ውስጥ ያለውን እንስራችንን አየ።

"ቤትህን ልበላው አልመጣሁም። ጭቃና ሰርዶ ነው፤ ምኑ ይበላል?"

እኔ ሳቄን ዋጥሁት። አባቴም ሳይውጥ የቀረ አይመስለኝም፤ ጢሙ ሲነቃነቅ አይቻለሁ። ቢሆንም ከበሩ አልተነሣም። እሷ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እየጠየቀች፣ እኔ እየገባሁና እየወጣሁ እየነገርኋት ሥራ ጀመርን። ከምድጃው የራቀ ክፍል አለ? የጥጃዎቹ ጋጥ አለ። ነፋስ ይገባዋል? በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። እንግዲያውስ በእበት ድፈነው። ጥጃዎቹን አስወጥቼ ለሰንሁት። ክራሩን በጠፍር ከጣሪያው ወራጅ ላይ አንጠለጠልሁት። እንስራውን ውሃ ሞልቼ ሥሩ አስቀመጥሁና በሩን ዘጋሁ።

በማግሥቱ ስከፍት ክራሩ ፊት ላይ ጤዛ የመሰለ ጠብታ አየሁ። ስንጥቁ እንዳለ ነው። ከታች በኩል ደግሞ ሁለቱ እንጨቶች የሚገናኙበት ጠርዝ ትንሽ ከፈት ብሏል። አባቴ ከኋላዬ ሆኖ አየ።

"ይኸው! ስሰቅለው ተሰነጠቀ፣ ስታጠጣው ተላቀቀ። ይሄ እንጨት ነው ወይስ የአማት አመል?" አለ። ቀልዱን ተናገረው እንጂ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

ወደ ወንዙ ሮጥሁ። ሸክላ ሠሪዋ የነገርኋትን ሰምታ ራሷን ያዘች።

"ሳላይ የማዘው ነገር እንዲህ ነው። እንስራው ምን ያህል ይርቀዋል?"

"ሥሩ ነው፤ ሊነካው ትንሽ ነው የቀረው።"

"ወይ ጉድ! እኔ ጭቃዬን በእርጥብ ቅጠል አለብሳለሁ እንጂ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ? ሄጄ ካላየሁት አይሆንም። አባትህ ካላስገባኝ ግን አልችልም።"

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ እንደ ትናንቱ በር ላይ ነበር። ተያዩ። እሷ ትናንት የተቀመጠችበት ድንጋይ ጋ ስትደርስ ቆመች። በመጨረሻ አባቴ ከበሩ ዞር አለ።

"ግቢ" አላት። "ልጄ እዚያ አጥር ውስጥ ነው ያለው። ዓይንሽም ይብላኝ እንጂ፣ ግቢ።"

"አንተማ አትበላም፣ ጠንክረሃል" ብላው ገባች።

ጋጡን ዞራ አየች። በእጇ መዳፍ አየሩን እንደ መዳሰስ አለች። እንስራውን አንሥታ ወደ ጥጉ ወሰደችው። ክራሩን በደረቅ ነጠላ በቀስታ አደረቅሁት። "ቀትር ላይ በሩን ትንሽ ክፈተው፤ ሲመሽ ዝጋው። ግድግዳው ካላበው በዝቷል ማለት ነው። ቆዳህ ከደረቀ አንሷል ማለት ነው። የራስህን ከንፈር ጠይቀው" አለችኝ።

አባቴም ያን ጊዜ አንድ ነገር አመጣ። ለኮርቻ መስፊያ ያስቀመጠውን የፈረስ ጭራ አወጣና፣ "እየለካን እንጂ በዓይን እያየን አይሆንም" አለ። ጭራውን አንድ ላይ ገምዶ ስንጥቁ ውስጥ ሰደደው። ሦስት ጭራ አስገባ። "እንግዲህ ነገ እናያለን" አለ።

በነጋታው ሦስት ነበር። ከዚያም ሦስት። አባቴ ማጉረምረም ጀመረ። እሷ ግን በየቀኑ ትመጣለች፤ ትገባለች፣ መዳፏን ትዘረጋለች፣ እንስራውን ትንሽ ታስጠጋለች ወይም ታርቃለች። አንድ ጠዋት አባቴ ከጋጡ ውስጥ ጮኸ።

"ፈንቴ! ሦስተኛው እምቢ አለ!"

ሁለት ሆነ። ከቀናት በኋላ አንድ። አባቴ ኮርቻ መሥራቱን ትቶ ጋጥ ጠባቂ ሆነ። ጥጃዎቹን እንኳ ድምፅ እንዳያሰሙ ይቆጣ ነበር። ለሸክላ ሠሪዋም በርጩማ አወጣላት።

አንድ ቀን በቀትር ዮሴፍ ሳይታሰብ መጣ። መንገዱ ቀንቶት ቀድሞ ተመልሷል። አባቴ ሲያየው የሚገባበት ጠፋው። እኔ መዋሸት አሰብሁ፤ ግን አፌ አልታዘዘልኝም።

"ተሰንጥቋል" አልሁት።

ፊቱ ዱቄት ሆነ። ተከተለኝ። የጋጡን በር ከፈትሁ። ውጭው እሳት ነው፤ ከውስጥ ግን ቀዝቃዛ፣ እርጥብ ሸክላ የሚሸት አየር ወጣ። ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ክራሩን አየ፣ በጥጉ ያላበውን እንስራ አየ፣ በእበት የተደፈነውን ግድግዳ አየ፣ በርጩማው ላይ የተቀመጠችውን ሴት አየ።

"የአባቴ የወይን ቤት ይሸታል" አለ በለሆሳስ።

ክራሩን አውርዶ ብርሃን ላይ ዞር ዞር አደረገው። ስንጥቁ መሥመር ብቻ ሆኗል፤ የተላቀቀው ጠርዝም ገጥሟል። በጥፍሩ ዳሰሰው፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ጆሮውን አስጠጋው።

"ድንቹስ?" አለኝ።

"አባቴ አቃጠለው። መተት መስሎት።"

አባቴን አየው። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ዮሴፍ በድንገት ሆዱን ይዞ መሳቅ ጀመረ። ሲስቅ እንባ ወጣው። "የእናቴ ነው! እናቴ ነች ያስተማረችኝ! እናቴ መተተኛ!" እያለ ይስቃል። አባቴም ጢሙ ሥር ሳቀ። ከዚያ ዮሴፍ ሳቁን አቆመና፣ "ተገናኝቷል፤ ግን አልተያያዘም። ሙጫ ያስፈልጋል" አለ።

ይህ የአባቴ ሥራ ነው። የበሬ ቆዳ ቁርጥራጭ አፍልቶ፣ ለኮርቻ እንጨት ማያያዣ የሚሠራውን ሙጫ አዘጋጀ። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ተንበርክከው፣ አንዱ ፀጉር በመሰለ ቀጭን እንጨት እየቀባ፣ ሌላው በጠፍር እያሰረ ሲሠሩ ቆመን አየን። የዮሴፍ ስብርባሪ አማርኛ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይበቃም። በእጅ ነው የተግባቡት።

ሲጨርሱ ዮሴፍ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ዞረ። "የግብዣው ቤት ይሞቃል። ምድጃ አለ፣ ብዙ ሰው አለ፣ ሲጋራ አለ። እስክመታ ድረስ ይሄ እንስራ ከኪታራው ጋር ይሁን" አላት።

"ይውሰደው። ያፈሳል ብሎ እንዳይመልስብኝ ብቻ ንገረው" አለችኝ።

በፋሲካቸው ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስታችንም ከምሽጉ አጥር ውጭ ተቀመጥን። እንስራውን ሸክላ ሠሪዋ ናት እስከ በሩ ያደረሰችው፤ ዘበኛው ተቀብሎ አስገባው። አባቴ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ነፋሱ አቧራ ሲያነሣ ተነሥቶ መጣና ነጠላውን ከፍሎ ለእሷም ጋረደላት።

ከውስጥ ጫጫታ፣ ሳቅ፣ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ቀስ እያለ ጸጥ አለ። ክራሩ ጀመረ።

እኔ ዘፈኑን አላውቀውም። አልሰማሁትም ብል ይሻላል፤ የምሰማው እንጨቱን ነበር። በየክሩ ምት ውስጥ ያ የገንቦ ድምፅ ይመጣ ይሆን እያልሁ ጥርሴን ነክሼ ነበር። አንዱን ጨረሰ፣ ሁለተኛውን ቀጠለ። ከመሐል ላይ ድንገት ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ። ክራሩ ቆመ።

አባቴ እጄን ጨመቀኝ። "ተከፈተ" አለ።

"ዝም በል፣ አያ ካሴ" አለችው።

ጸጥታው ረዘመ። ውስጥ አንድ ሰው ተናገረ፤ ሌላው ሳቀ። እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ይስማውን መኪና ላይ ሲጭኑት አየሁት። ከዚያ ክሩ አንድ ጊዜ ጢን አለ። ሲያጠብቀው፣ ሲያላላው፣ እንደገና ሲያጠብቀው ተሰማን። ዘፈኑ ካቆመበት ቀጠለ። ድምፁ የተሟላ፣ የሞላ፣ እንደ ደወል የጠራ ነበር።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ዮሴፍ ወጣ። ፊቱ ቀልቷል። "ክር ናት የተበጠሰችው! እንጨት አይደለም! እንጨት ጎበዝ!" እያለ ይጮሃል። ከኋላው አንድ ቀጭን፣ ፀጉሩ የጎፈረ ሰው እየተንገዳገደ መጣ። አባቴ ሮጦ ሲያቅፈው ነው ይስማው መሆኑን ያወቅሁት። እንዴት እንደከሳ አትጠይቁኝ።

የተለወጠብኝን ልንገራችሁ። ጣልያን ሲወጣ ዮሴፍም ኪታራውን ይዞ ሄደ፤ ደግሜ አላየሁትም። በአገራችን ላይ የተሠራውን ግፍ በአንድ ዳቦ ጋጋሪ ደግነት አልሰርዘውም፤ የእሱንም ደግነት በግፉ አልሰርዘውም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እቃ ጠባቂ ሆንሁ። ክራር ያለው፣ በገና ያለው በበጋ ወደ እኔ ያመጣል። ኋላም ለትምህርት ቤት የሚመጡ አስተማሪዎች ጊታር ይዘው ሲመጡ፣ "ፈንቴ ጋ አስቀምጡት" ይሏቸው ጀመር።

እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ካላችሁ ስሙኝ። ጊታራችሁን ከምድጃ በላይ አትስቀሉት፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥርም አትተዉት። ስትተኙ በሳጥኑ ክተቱት እንጂ እንደ ጌጥ ግድግዳ ላይ አታንጠልጥሉት። በበጋ ያልተሟሸ ትንሽ ሸክላ ውሃ ሞልታችሁ ክፍሉ ውስጥ አኑሩ፤ እንጨቱን ግን አይንካው፣ በጣምም አይቅረበው። ክረምት ሲገባ ሸክላውን አውጡት፤ የጎጃም ክረምት ከበቂ በላይ ያጠጣል። ከንፈራችሁ ሲደርቅ ጊታራችሁም ጠምቶታል ማለት ነው።

ቤቴ ውስጥ ዛሬም አንድ የሚያልበው እንስራ አለ። ልጆቼ ወለሉን ያበላሻል ይላሉ። አልሰማቸውም።

የሸክላ ሠሪዋን ስም እስካሁን ያልጻፍሁት አውቄ ነው። ያን ቀን ከምሽጉ በር ላይ ይስማው ነገሩን ከሰማ በኋላ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመና፣ "ስምሽን ልወቀው፤ በጸሎቴ ላስብሽ" አላት። አባቴና እኔ ተያየን። ያን ሁሉ ቀን ቤታችን ስትገባና ስትወጣ፣ እሷ የሠራችውን እንስራ ይዘን ዕድሜ ልካችንን ውሃ ስንቀዳ፣ አንዳችንም ጠይቀናት አናውቅም ነበር። እሷ ነጠላዋን እያስተካከለች ሳቀች፤ እንደ ልጃገረድም አፈረች።

"እንጉዳይ ነው ስሜ" አለችው።

እንጉዳይ።